እማዬ የሰቀለችው ሸክላ

አንድን ባንድ ሦስተኛ ሸክላውን ካወጣ በኋላ የወደደ ሰው አድናቂ አይደለም፤ መንገደኛ ነው! አትቆጡኝ። እኔ የምወደው የፈረንጅ ሮክ ባንድ ዛሬ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከረባት አስሮ፣ ለሕፃን ማስተኛ የሚሆን ዘፈን ያወጣል። ይመቸው። ለኔ ባንዱ ማለት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሸክላዎች ናቸው፤ በነሱ የተነሳ ያየሁትን መከራ ብትሰሙ... ቆይ ልንገራችሁ።

ሁለተኛውን ያጣሁት በገዛ እጄ ነው። የንስሐ አባታችን የመምሬ ወልዴ ልጅ ጌታነህ፣ አብሮ አደጌ፣ ለአንድ ቀን ብሎ ተዋሰኝ፤ በሳምንቱ ጠፋ አለኝ። እንዴት ጠፋ ስለው ዓይኑን ወደ እንጦጦ ሰቀለ! ሦስት ወር አኮረፍኩት። ስለዚህ የቀረችኝ የመጀመሪያዋ ብቻ ነበረች። "ዓይንህን ወይስ ሸክላህን?" ብትሉኝ "የትኛውን ዓይን?" ብዬ ነበር የምጠይቃችሁ።

እንግዲህ የዐቢይ ጾም ቅበላ ደረሰ። እናቴ በቅበላ ሁለት ነገር ከቤት ታስወጣለች፤ ቅቤና ዘፈን። የሸክላ ማጫወቻዬን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቀጥላ ሸክላዋን ከነሽፋኗ ከአልጋዬ ሥር ጎትታ አወጣች። ምድጃው ይነዳል፤ እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

እዚህ ላይ የሽፋኑን ፎቶ ልንገራችሁ። አራት ሰዎች ናቸው። ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፣ ጢማቸው ደረታቸውን ነክቷል፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው በረሃ ላይ በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ። እናቴ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየቻቸው፤ ፊቷ እየለዘበ መጣ።

"ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያሉትን አባቶች ከአልጋ ሥር ታስቀምጣለህ?" አለችኝ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ምድጃውን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ዝም ያለ ሰው ዋሸ አይባልም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እናንተም ብትሆኑ ያው ነበራችሁ።

ሽፋኑ እንዳይበሳ በክር ጠልፋ ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቀለችው፤ በነጠላ ቁራጭም ጋረደችው። ሸክላዋ ውስጡ አለች። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ከእናቴ ጎን ቆሞ መስገድ ሆነ ሥራዬ። እኔ ዓይኔን ከማርያም ሥዕል ላይ አልነቅልም፤ እሷ ጭንቄን ታውቀዋለች። እናቴ ግን መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አራቱን ትለምናለች፦

"አባቶቼ፣ ይህን ልጅ ከዘፈን አውጡልኝ። አዲስ መጋረጃ አገባላችኋለሁ።"

ማንን እንደምትለምን አያችሁልኝ? ለጅብ ሥጋ አደራ ማለት ይሄ አይደል! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በኋላ ዕንባዋን ሳይ ግን አፈርኩ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በጾሙ አጋማሽ መምሬ ወልዴ የቀጨኔን ዳገት ወጥተው ጠበል ሊረጩልን መጡ። መምሬ በሥዕል ነገር አይታለሉም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴው ጠበበ ብለው ሠዓሊ የገሠጹ ሰው ናቸው። እናቴ በኩራት መጋረጃውን ገለጠች። ሸክላዋ ወደ ምድጃ፣ እኔ ወደ ቀኖና ስንሄድ ታየኝ። ከሁሉ የከፋው ግን እናቴ የሰፈር መሳቂያ መሆኗ ነው፤ ያንን አልችለውም ነበር።

መምሬ ቀረብ አሉ። ራቅ አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከጠበሉ ጨለፍ አድርገው አራቱንም ረጯቸው።

"አውቃቸዋለሁ" አሉ። "እኛም ቤት አሉ። የኛዎቹ ግን ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንደኛው በገና ታቅፏል። ጌታነህ ነው ያመጣልኝ፣ ይባረክ።"

በገና! ወገኖቼ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ አንዱ ጊታር ታቅፎ የተነሱበት ጠፋ የተባለው ሁለተኛው ሸክላዬ ነው! ለካ ጌታነህም እንደኔው አፉን ዘግቶ ኖሯል። መልስልኝ ብለው የኔም ጉድ ይወጣል፤ ብተወው አንጀቴ ያርራል። ታረቅን፤ ምን ምርጫ አለ?

ከፋሲካ ወዲህ ማጫወቻዬ ከሳጥኑ ወጥቶልኛል፤ የመጀመሪያዋን ግን የምሰማት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነው። ሁለተኛውን ለመስማት መምሬ ቅዳሴ ሲገቡ ጠብቄ ቤታቸው እሄዳለሁ። አንድ ቀን ድንገት ተመልሰው ሽፋኑን እንደታቀፍኩ ደረሱብኝ። ምን ላድርግ፤ ሳምኩት። መምሬም ለእናቴ፣ ልጅሽ ከደጄ አይጠፋም፣ ሥዕል ሲሳለም በዓይኔ አየሁት ብለው ነገሯት።

እናቴ በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ሄዳ ባለ ጥለት መጋረጃ አሠራች። ስለቷ ደረሰላታ! ወሬው ጉለሌን ለመዞር ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ልጃቸው ጎፈሬውን አበጥሮ ሲጨፍር ውሎ የሚገባባቸው፣ መንገድ ላይ አስቆሙኝና ከዘፈን የሚያወጡት አባቶች የት እንደሚገኙ ጠየቁኝ። ፒያሳ ያለውን ሸክላ መሸጫ ሱቅ አመለከትኳቸው። ጥቂት እንደሄዱ ግን አድናቂነቴ አላስችል አለኝና ሮጬ ደረስኩባቸው።

"እትዬ፣ ከመጀመሪያዎቹ ይውሰዱ። ሦስተኛው ላይ ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አይሠሩም።"