ትርፊትና የደረቴ መስመሮች

በየሰፈሩ ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት የሚያዝ ጠያቂ አይጠፋም። እኛ የሆሳዕና ከተማ ሰዎች ክብርት ወይዘሮ ትርፊት አለችን፤ ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤቴ። ራስ ሲፈልጥ ለጋ ቅቤ፣ ወገብ ሲያም ለጋ ቅቤ፤ ልጅ ፈተና ሲወድቅ እንኳ አናቱ ደርቆ ነው ትላለች። በልጄ ስም እየጠራችኝ ምክሯን የምትደመድመው ሁሌም በአንድ ቃል ነው፦ "የአበራ እናት፣ እኔ የማውቀውን ነው የምነግርሽ።" የማታውቀው ነገር እስካሁን አልተገኘም።

የግራ ጡቴ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወጥቶልኝ ለጨረር ሕክምና ወደ ሌላ ከተማ ስላክ፣ ልጆቼ ማን ይሂድ እያሉ ሲመካከሩ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ደጃፍ ቆማ ነበር። ከጊምቢቹ ገበያ የምታመጣው ቅቤም አልቀረም።

የጨረር ባለሙያዋ ሰሎሜ ጨረሩ የሚያርፍበትን ለክታ ደረቴ ላይ በቀለም አሰመረችና እንዳይጠፋ አደራ አለችኝ። በተከራየነው ክፍል ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ደረቴ ያብረቀርቃል። ትርፊት ቆዳዬ ደርቆ ብታይ ጊዜ ቅቤ ቀብታኛለች።

በማግስቱ ሰሎሜ ገልጣ አየችና፣ "እማማ፣ መስመሮቹ የት ሄዱ?" አለችኝ። እንደገና እስክለካ ሕክምናው በሳምንት ተገፋ። ፈራሁ። ትርፊት ደግሞ ቅቤዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዘጋችበት፤ ይሄ ይበልጥ አስደነገጠኝ።

ከዚያ ወዲያ የመስመሮቹ ዘበኛ ሆነች። ከቤተ ክርስቲያን ሊጸልዩልኝ የመጡት እጃቸውን ሊጭኑብኝ ሲጠጉ በሩ ላይ አስቀረቻቸው።

"ከዚያው ጸልዩ። ጌታ ከሩቅም ይሰማል፤ ቀለሙ ነው የሚለቀው።"

ሰሎሜ ሌላም ነገር አስተማረችን። አሁን አሠራሩ ተሻሽሏል፤ አየር በደንብ ስቤ ስይዝ ደረቴ ይሞላና ልቤ ከጨረሩ ፈቀቅ ይላል፣ ጉዳቱም ይቀንሳል። ትርፊት ይህን ሰምታ ሳትጨርስ አሠልጣኝ ሆነች።

"እኔ ሳወራ ያዢ፣ ሳቆም ተንፍሺ።"

"ልትገድይኝ ነው እንዴ?" አልኳት።

ሕክምናው የተጀመረ ቀን ማሽኑ ሥር ተኝቼ "አየር ይሳቡ፣ ይያዙ" ስባል ያዝኩ። ደረቴ ንቅንቅ አላለም። ሰሎሜ ማን እንዳለማመደኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ልታምነኝ አልቻለችም።

ስወጣ ትርፊት ኮሪደሩ ላይ ወንበር ተደግፋ፣ የጥበቃው ሰውዬ በኮፍያው ያራግብላታል። ለካ ከበሩ በላይ ያለው የጨረር ምልክት ቀይ መብራት በበራ ቁጥር እሷም ትንፋሿን ትይዝ ኖሯል።

"ብቻሽን አይሆንልሽም ብዬ ነው" አለችኝ።

ቦርሳዋን ከፈትኩና ከቅቤዋ ቆንጥሬ አናቷ ላይ አደረግሁላት። ልትከራከረኝ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

"ዝም በይ፣ እኔ የማውቀውን ነው የማደርግልሽ።"