የጋሼ ቆራጩ መቀስና የተበተነው ሰው

የዓለም ሕዝብ በሁለት ይከፈላል፤ ጥያቄ ሰምቶ የሚረሳና ጥያቄ ሰምቶ ሌላውን ሰው እንቅልፍ የሚነሳ። ሁለተኛውን ዓይነት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ፤ በየዘመዱም አይጠፋም። አጠገባችሁ ከሌለ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናንተው ራሳችሁ ሳትሆኑ አትቀሩም።

በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሼ ቆራጩ ነበሩ። ጨርቁን በጠመኔ አስምረው የሚቆርጡት እሳቸው ሲሆኑ፣ የቆረጡትን በስፌት መኪና የምትገጣጥመው ፊት ለፊታቸው የምትቀመጠው ሰፊዋ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተያይተው ሠርተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰፊዋ ስለ ጋሼ ሁለት ነገር ጠንቅቃ አውቃለች። አንደኛ፣ «ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ» ካሉ ያ ቀን አለቀለት። ሁለተኛ፣ መቀሳቸውን ማንም አይነካም። ጥቁር እጀታ ያለው ከባድ መቀስ ነው፤ ከሥራ ሲወጡ በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። «ጋሼ፣ ለአንዴ ብቻ ያውሱኝ» ስትላቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰጧት መልስ አንድ ነው፦ «የራስሽን ግዢ!» ምክንያት አላቸው። መቀስ የተዋሰ ሰው መጨረሻው ወረቀት መቁረጥ ነው፤ ወረቀት የለመደ መቀስ ደግሞ ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም።

ያሁኑ ጥያቄ የመጣው ከሬዲዮ ነው። አንዱ ተናጋሪ፣ ወደፊት ሰውን እስከ አቶሙ ድረስ በትኖ ሌላ ከተማ ላይ መልሶ የሚገጥም ማሽን ቢሠራ ሰውዬው ከነሕይወቱ ይደርስ ይሆን ብሎ ጠየቀ። መልሱ ሳይመጣ ዘፈን ገባ። ዘፈኑ ባይገባ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ጋሼ ጠመኔያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ።

«ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሰውዬው ተበትኖ፣ ተገጥሞ ሲነሳ፣ የሚነሳው ማነው?»

«ሰውዬው ነዋ!» አለች ሰፊዋ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገባች።

«ሰውዬውማ ተበትኗል።»

«ተገጠመ አላሉም እንዴ ጋሼ?»

«መገጠሙንማ ተገጠመ። ግን ማን?»

ሰፊዋ ክሩ አመለጣት።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ልብስ ሊያሠራ የገባ ሁሉ ከመለካቱ በፊት በዚሁ ጥያቄ ይበተን ጀመር። አንዱ ምስኪን ደንበኛ ሜትሩ ደረቱ ላይ ተጠምጥሞ ሳለ ጥያቄው ደረሰበት፤ መልስ ሲያስብ ትንፋሹን ይዞ ቆየ፣ ልኬቱም በዚያው ተጻፈ። ኮቱ አልቆ ሲለብሰው ከነወንድሙ ያስገባው ነበር። ጋሼ ደግሞ መድኃኒት ሊገዙ ሄደው፣ ፋርማሲስቷን፣ «እናትዬ፣ ይሄ ክኒን ሆዴ ውስጥ ከተበተነ በኋላ ክኒን ነው ወይስ እኔ ነኝ?» ብለው ሰልፉን እስከ በር አደረሱት። «ጋሼ፣ ከምግብ በኋላ ነው» አለቻቸው። በዚህ መልስ ላይ ሁለት ቀን አስበውበታል።

የፊዚክስ አስተማሪው ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ቀን ሰፊዋ እፎይ አለች፤ የተማረ ሰው ደረሰልን ብላ። አስተማሪውም አላሳፈራትም። በአንድ ሰው ገላ ያለው አቶም ተቆጥሮ እንደማያልቅ፣ የእያንዳንዱን ቦታ መዝግቦ መላክ ለጊዜው የማይታሰብ እንደሆነ፣ ቢቻል እንኳ አቶሙ ራሱ የግድ መሄድ እንደሌለበት፣ ዝርዝሩ ብቻ ሄዶ እዚያው በተገኘ አቶም ሊሠራ እንደሚችል አስረዳ። ጋሼ በየቃሉ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ገባኝ። ማለት እኔ ልኬቱን እልካለሁ፤ እዚያ ያለው ቆራጭ በራሱ ጨርቅ ይሠራዋል።»

«ልክ ነዎት!» አለ አስተማሪው ደስ ብሎት።

«ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ። ታዲያ እዚህ የቀረው ጨርቅስ?»

አስተማሪው ጣሪያውን አየ። «እንግዲህ... እሱማ...» እያለ የሌላ ሰው ሱሪ ይዞ ወጣ። እስከ ዛሬ አልመለሰውም፤ ምናልባት አሁንም እያሰበ ይሆናል።

በመጨረሻ ሰፊዋ ራሷ በሙያዋ ልትገላግላቸው ሞከረች። መቼም ያረጀ ኮት ስፌቱ ሁሉ ተፈትቶ፣ ጨርቁ ተገልብጦ የውስጡ ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ ሲሰፋ አዲስ ይመስላል፤ ሁለቱ አብረው ስንቱን ገልብጠዋል።

«ጋሼ፣ ኮት ስንገለብጥ እስከ መጨረሻዋ ክር ድረስ እንፈታው የለም እንዴ? ባለቤቱ መጥቶ ኮቴ ነው ብሎ ለብሶት ይሄዳል። አለቀ!»

ጋሼ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ።

«የተገለበጠ ኮት፣» አሉ፣ «የግራ ደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሰውዬው ሲነሳ ልቡ በቀኝ በኩል ቢሆንስ?»

ትዕግሥቷ ያለቀው ይሄኔ ነው። ለማግሥቱ የሚደርሱ ሦስት ኮቶች ተቆልለውባታል፤ እጅጌ አልተገጠመ፣ ገበር አልገባ። «ኧረ በፈጠረዎት ጋሼ! እርስዎን ራስዎን በትነው ቢወስዱልን ነበር የምናርፈው!»

አልተቆጧትም፤ አልሳቁምም። መቀሳቸውን ጠቀለሉ፣ ቆለፉ፣ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። በማግሥቱ አልመጡም። የመጡት ባለቤታቸው ናቸው።

«አልነገረሽም እንዴ የኔ ልጅ? ሆስፒታል ተኝቷል። ነገ ደረቱን ሊከፍቱት ነው። ልቡን ለጊዜው አቁመው፣ ጠግነው፣ መልሰው ያስነሱታል አሉ። ከተነገረው ሦስት ሳምንት ሆኖታል።»

ሦስት ሳምንት! ሰፊዋ ያለችውን አስታወሰችና መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። የስፌት መኪናዋን እንደከፈተች ትታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አፌን ቁርጥ ያድርገው!»

«ተይ እንጂ፣ ምን አጠፋሽ? ስነዘንዝሽ ነው የከረምኩት። ነይ ተቀመጪ፣ እንዲያውም ልልክብሽ ነበር።» ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐኪሙን ጠየቅኳቸው። ሲነቁ ራስዎ ነዎት፣ አይስጉ አሉኝ። ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ፤ እሳቸው ከዚህ በፊት አያውቁኝም፣ በምን ያመሳክራሉ?»

«ባለቤትዎ እትዬ አሉ አይደል?»

«እሷንማ እንዴት አምናለሁ? የተሻለ ሰው ከመጣላት ዝም ብላ ትረከባለች። ክፉ ጠባዬን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስነቃ ገብተሽ መቀስዎን ያውሱኝ በይኝ። የራስሽን ግዢ ካልኩሽ እኔ ነኝ። እሺ ካልኩሽ ግን እንዳታልፊው። ለሐኪሙ ንገሪያቸውና ይፈልጉኝ።»

ልትስቅ ነበር። ግን እጃቸውን አየችው። ጠመኔ የያዙ ይመስል የገዛ ደረታቸውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ያሰምሩ ነበር። «እሺ ጋሼ፣ እኔ ራሴ አረጋግጣለሁ» አለቻቸው።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር፤ በደህና አለቀ ተባለ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ መግባት ተፈቀደ። መጀመሪያ የገቡት ባለቤታቸው ግራ ተጋብተው ወጡ።

«አየኝና ፈገግ አለልኝ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ከእንቅልፉ ሲነሳ ፈገግ ብሎ አያውቅም። ምን ሆኖ ነው? እስቲ ግቢና አንቺ እይልኝ።»

ሰፊዋ ገባች። ጋሼ ቱቦ በቱቦ ሆነው ተኝተዋል። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ግን የጋሼ ፊት ነው። አፍንጫውም የጋሼ ነው።

«ጋሼ... መቀስዎን ያውሱኝ።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። «ውሰጂው» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ቁልፉ ኮቴ ኪስ ውስጥ አለ።»

አቤት ጉድ! አሁን ለማን ምን ይባላል? ለሐኪሙ፣ «ሰው ተሳስታችኋል፣ የኛን መልሱልን» ይባላል? በር ላይ ለቆሙት ሴትዮስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመነችው መቀስ ይኸው ተሰጣት፤ እሷ ግን መቀሱን ጨርሶ አልፈለገችውም። የፈለገችው እኚያን ነገረኛ፣ ጨቅጫቃ፣ ቆጥቋጣ ሰውዬ ነው። አንዴ «የራስሽን ግዢ» ቢሏት፣ ዕድሜ ልኳን በጥያቄ ቢነዘንዟት እንኳ አትሰለችም ነበር። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ኮት ቁልፉን አወጣች፤ እንባዋ እየወረደ ወደ በሩ ዞረች።

«ቆይ ቆይ...» አለ ከኋላዋ ያ ቀጭን ድምፅ።

ባለችበት ቆመች።

«አንድ ነገር ብቻ። ወረቀት እንዳትቆርጪበት።»

ሳቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ባለቤታቸው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ እሷ መጡ። «እህስ? እሱ ነው?»

«ራሳቸው ናቸው እትዬ» አለች ቁልፉን በእጇ ጨብጣ። «የደረት ኪሳቸው ብቻ ትንሽ ዞሯል።»