የበር እጀታው ገና አልደረቀም

[ሳሎን። እናትና የአሥራ ሁለት ቀን ሕፃኗ ዛሬ ከሆስፒታል ይመጣሉ። አባት የበሩን እጀታ በበረኪና ውኃ አርጥቦ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። አጎት፣ የእናትየው ታላቅ ወንድም፣ ጓንት አጥልቀው መርጫ ይዘዋል።]

አጎት፦ አንተ ሰውዬ፣ እጀታውን ውኃ እያጠጣህ ልታሳድገው ነው እንዴ? ወልውለው እንጂ!

አባት፦ የሆስፒታሉ ነርስ ረጥቦ ይቆይ ብላለች፣ ጋሼ።

አጎት፦ እኔ አራቱን በር ጨርሻለሁ። ረጨት፣ ወልወል፣ አለቀ።

አባት፦ ሕፃኗን እንዳይዛት የተፈራው የጉንፋን ቫይረስስ?

አጎት፦ ደነገጠ፣ ሞተ።

አባት፦ [እያሰበ] እጀታ ላይ ግን ስንት ቀን ይኖራል?

አጎት፦ ብረት ላይ? አንድ ደቂቃም አይቆይም፣ ያዳልጠዋል። እሱ የሚመቸው ፍራሽ ነው፣ እንደ ሰው።

አባት፦ ነርሷ እኮ ልሙጥ ነገር ላይ ቀናት ይቆያል፣ ጨርቅ ላይ ነው ቶሎ የሚሞተው ነው ያለችኝ።

አጎት፦ ዕድሜዋ ስንት ነው?

አባት፦ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው።

አጎት፦ በቃ! እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ እሷ መች ተወለደችና!

[የፍሪጁን እጀታ ረጭተው ፍትግ ያደርጋሉ። አባት ከኋላቸው መልሶ ያረጥበዋል።]

አጎት፦ ምን ትከተለኛለህ? አታምነኝም?

አባት፦ ኧረ አምንዎታለሁ! ቫይረስ እንዳይይዛት ተብሎ ልጄን አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በመስታወት ነው ያየኋት፣ ጋሼ። ቤቱ ካልጸዳ ዛሬም ላላቅፋት ነው። ፈርቻለሁ።

አጎት፦ በል የበረኪናውን ጠርሙስ አምጣ፣ ላንብብልህና ልብህ ይረፍ። [መነጽር ያደርጋሉ] “ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ይነሳ። ከዚያ ተቀብቶ አሥር ደቂቃ... ረጥቦ ይቆይ።” [ደግመው ያነባሉ።] የማተሚያ ቤት ስህተት ነው።

አባት፦ ይሆናል።

አጎት፦ [ቁጭ ይላሉ] ጉድ ሆንኩ! ሁሉንም አድርቄዋለሁ። እነሱ ደግሞ መንገድ ጀምረዋል!

አባት፦ አይጨነቁ። ከኋላ ከኋላዎ እየተከተልኩ ሁሉንም አርጥቤዋለሁ።

አጎት፦ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ስደክም ምን አፍህን ለጎመው?

አባት፦ እህትዎ ናት። “ቆሻሻውን ፈትጎ የሚያነሳልህ ወንድሜን ጥራው። ተሳስተሃል እንዳትለው ብቻ፣ ጥሎህ ይሄዳል” አለችኝ።

አጎት፦ [መርጫውን እያዩ] እና ይሄ ስረጨው የዋልኩት መድኃኒት?

አባት፦ የሳሙና ውኃ ነው፣ ጋሼ። እሱንም እሷ ናት በስልክ ያስበጠበጠችኝ።