ሦስት ጊዜ ካልተለመንኩ

በእኛ አገር የራበው ሰው የሚታወቀው ሲበላ አይደለም፤ «ብላ» ሲሉት ወዲያው «እሺ» ያለ ዕለት ነው! ጨዋ ሰው ይግደረደራል። መጀመሪያ «ኧረ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» ይላል፣ ሆዱ እየጮኸ። ሁለተኛ ሲሉት «በእውነት ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ዓይኑ ወጡ ላይ እንዳለ። ሦስተኛው ዙር ላይ «በሞቴ!» ሲመጣ... አዎ፣ ያኔ «እንግዲህ እናንተን ላለማስቀየም» ብሎ ጠጋ ይልና ከባለቤቶቹ በላይ ይበላል። ዳንግላ ያለችው አክስቴ ቤት ደግሞ እስከ አምስት ዙር ይኬዳል። ተግደርድሬ አላውቅም የምትሉ እስቲ እጃችሁን አውጡ... አያችሁ? ማንም የለም።

እኔን መግደርደር ያሳጣኝ ግን አንድ ምሳ አይደለም። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ነው ያሳጣኝ፤ ያውም ሆላንድ አገር!

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጅባራ ስማር ለአንድ መንፈቅ ሆላንድ ሄጄ እንድማር ተመረጥኩ። «የልውውጥ ተማሪ» ይሉታል። እኔን ወስደው በልዋጩ ማንን እንደላኩልን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከደብዳቤው ጋር አንድ ቅጽ መጣልኝ። «የት መኖር ትፈልጋለህ?» ይላል። ይታያችሁ! ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ከተወለድኩ ጀምሮ የት መኖር እንደምፈልግ የጠየቀኝ ፍጡር የለም። ቤት ማለት አባትህ የሠራው ነው፤ ከተማ ከገባህ ደግሞ ዘመድ ያለበት ነው። እነሱ ግን ምርጫ ሰጡኝ። መሃል ከተማ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ለብቻ ክፍል። ወይም ከሌሎች ተማሪዎች ጋር የጋራ ቤት። ወይም ገጠር ከሚኖር ሰው ጋር በደባልነት።

የመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ሌሎቹን አንብቤ እንኳ አልጨረስኩም። ምክንያቴን ለእንጅባራ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ዝናቡን ታውቁታላችሁ። እኛ ደጅ ጭቃ አለ፣ ጓሮ ድንች አለ፣ በረት ደግሞ የአባቴ ፈረስ ዳማ አለ። ዳማ እኔን አይወደኝም፤ እኔም አልወደውም፤ ይህን ሁለታችንም ተማምነን ነው የምንኖረው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ጭቃ፣ ድንችና ፈረስ የማይወጡበት ፎቅ ላይ መኖር አማረኝ። ይህ ኃጢአት ነው?

ቅጹ መጨረሻ ላይ በቀይ የተጻፈ ነገር ነበር፦ እስከ ዓርብ ድረስ የመኖሪያ አድራሻ ያልያዘ ተማሪ የቪዛ ወረቀት አይላክለትም። ቪዛ ከሌለ መንገዱም የለም ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጠን ኔትወርክ መጣ፤ ኔትወርኩን ተከትሎም ስልኬ ጮኸ። በቪዲዮ ነው። መነጽር ያደረገች ወጣት፣ የተማሪዎች ቤት የምትደለድለው። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከጎኔ ተቀመጡ። እማዬ ከኋላችን ቆመች።

«ደስ የሚል ዜና አለኝ!» አለች ልጅቱ። «ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ቀርታለች። ትፈልጋታለህ?»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን የእናቴ ልጅ ነው።

«ኧረ... አይ... በእኔ አትቸገሩ» አልኩ አንገቴን ሰበር አድርጌ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ መግደርደሩ ግን የአገር ቤት። «ከእኔ የባሰ የተቸገረ ካለ ለሱ ስጡት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ፣ አዎ፣ እኔ የትም አድራለሁ!»

«እንዴት ያለህ ደግ ሰው ነህ! እሺ፣ መልካም ቀን!»

ጠፋች። እኔማ ኔትወርኩ ነው ብዬ ስልኩን ወደ መስኮቱ ይዤ ሮጥኩ።

«ምን አለችህ?» አሉ አባባ።

«ክፍል ልስጥህ አለችኝ።»

«አንተስ?»

«አይ አልኳት።»

«ደግ አደረግህ! ቤት እንዳጣ ሰው ዘሎ መግባት ነውር ነው። ስንቴ ጠየቀችህ?»

«ሁለቴ።»

«እንግዲያው አንድ ይቀራታል» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ።

አንድ ይቀራታል ብለን ሦስታችንም ጠበቅን። ስልኩን ኔትወርክ የምትገኝባት መስኮት ላይ አስቀመጥነው፤ እማዬ በዚያ በኩል ዶሮ እንኳ እንዳያልፍ ከለከለች። ዓርብ ጠዋት ሆነ። ዝም። አባባና እማዬ ነገር ሲከብዳቸው ከአማርኛ ወጥተው ወደ አዊኛ ይገባሉ፤ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አዊኛ ላይ ነበሩ። ረፋዱ ላይ አባባ ብስጭት ብለው ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«ይቺ ልጅ አሳዳጊ የላትም እንዴ? ሰው እኮ ይለመናል!»

«እሷ ምን ታድርግ፣ የአገሩ ልማድ ነው» አለች እማዬ።

«ሽማግሌ እንላክባት?»

«አባባ፣ ሆላንድ ናት እኮ!»

«እሱም አለ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ መልእክት ገባ። አነበብኩት። «ክፍልህን በፈቃድህ ለሌላ ተማሪ ስለለቀቅህ ደግነትህን ከልብ እናመሰግናለን» ይላል። ደግነትህን! ሲቀጥል፣ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ገጠር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱ በብስክሌት አርባ ደቂቃ። «መልስህን ዛሬ ካላሳወቅህ ልንረዳህ አንችልም። በነገራችን ላይ ፈረስ ትፈራለህ?»

ጮኼ ማልቀስ አማረኝ። አባባ ከትከሻዬ በላይ እያዩ «እንግዲህ መጀመሪያ አይ በላትና...» ሲሉ እማዬ በአዊኛ አንድ ቃል ተናገረች። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፈውም። አባባ ሁለተኛ ስለ መግደርደር አላነሱም፤ እኔም «እሺ» ብዬ ላክሁ።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አምስተርዳም፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ... ያን ሁሉ አገር አቋርጬ ስወርድ ምን ጠበቀኝ? ዝናብ። ጭቃ። በመስኮቴ ፊት ለፊት ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ የድንች ማሳ። ከማሳው ዳር ደግሞ አንድ ጥቁር ፈረስ አንገቱን አጥሩ ላይ ጣል አድርጎ ያየኛል። ወይ አምላኬ፣ ይህን ያህል የበረርኩት ዘንገና ለመመለስ ነው?

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ኮሪ ይባላሉ። ረጅም ናቸው፤ ቦቲ ጫማ አድርገው ነው የተቀበሉኝ። ቁጭ እንዳልኩ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍተው ወደ እኔ ዘረጉ።

«ብስኩት?»

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የረባ ነገር አልበላሁም። «ኧረ አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ።

ጠቅ! ክዳኑ ተዘጋ።

እራት ላይ «ድንች ትበላለህ?» አሉኝ። «አይ፣ አመሰግናለሁ።» እሳቸው ፊቴ ተቀምጠው፣ ሳይሳቀቁ፣ እያጣጣሙ በሉ። በማግስቱም እንደዚያው። እንዲህ እያልኩ ሦስት ቀን ገፋሁ፤ ትምህርት ቤት በምገዛው ደረቅ ዳቦ ብቻ። በሦስተኛው ቀን፣ አትፍረዱብኝ፣ በረት ገብቼ ለፈረሱ ከተቀመጠለት ካሮት ሁለት አንስቼ በላሁ። ፈረሱ አየኝ። እኔም አየሁት። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ለራሴ ማልኩ፦ ከእንግዲህ በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ»! ያላወቅሁት ነገር፣ ወይዘሮ ኮሪም የካሮቱን መጉደል አይተው ኖሯል። ደንግጠው ስለ እኛ አገር እንግዳ አቀባበል ኢንተርኔት ላይ ሲያነቡ ውለዋል። እራት ቀረበ።

«ድንች?» አሉኝ።

«እሺ!» አልኩ፣ ቃሉን ሳላስጨርሳቸው። አንድ ሳህን ሙሉ ሰጡኝ። ጠረግሁት።

«ድንች?»

ሁለተኛ እየተለመንኩ እንዴት አይ እላለሁ? «እ... እሺ።» ሁለተኛ ሳህን መጣ። እንደ ምንም ጨረስኩት። ወይዘሮ ኮሪ መዳፋቸውን ገልጠው በእስክሪብቶ የጻፉትን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቤ... ሞ... ቴ?»

ሦስተኛው ሳህን እንዴት እንደወረደ አላስታውስም። አልቻልኩም፣ ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዘጠነኛውን ፎቅ፣ የአባባን «አንድ ይቀራታል»፣ ካሮቱንም ሳላስቀር።

«ለመሆኑ ቤሞቴ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ ዕንባቸውን እየጠረጉ።

«ካልበላህልኝ ልሙት ማለት ነው።»

«ለድንች?»

«ለድንች።»

ሲስቁ ቆዩና ሳህኖቹን መደራረብ ጀመሩ። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለቴ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም» አሉ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ ቤተኛ ሆንኩ። ፈረሱን ማጉረስ፣ በረቱን መጥረግ የእኔ ሥራ ሆነ። አባባ እሑድ እሑድ በቪዲዮ እየደወሉ ከእኔ ይልቅ ስለ ፈረሱ ይጠይቃሉ። «ጥርሱን ያሳዩኝ!» ይላሉ፤ እኔ እተረጉማለሁ፤ ወይዘሮ ኮሪ በዚያ ዝናብ ወጥተው የፈረሱን አፍ ከፍተው ለስልኩ ያሳያሉ። አባባ ዕድሜውን በትክክል ነገሯቸው። ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን እንደ ሊቅ ነው የሚያዩአቸው።

ሁለት ወር እንዳለፈ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ያቺ ባለ መነጽሯ ልጅ ናት።

«ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል ተለቀቀች! ትፈልጋታለህ?»

ቀና ብዬ አየሁ። ወይዘሮ ኮሪ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የታጠበ ስኒ መልሰው እያጠቡ ነው።

«አይ፣ አመሰግናለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ።»

እንደ ልማዷ መልካም ቀን ብላ ትዘጋለች ብዬ ስጠብቅ...

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች። «ወይዘሮ ኮሪ ትናንት ደውለውልን ነበር። ይህ ልጅ ከተማ ይወዳል፣ እኔን አፍሮ እዚህ እንዳይቀር፤ አይ ካላችሁ እንዳታምኑት፣ ሦስት ጊዜ ጠይቁት ብለውናል። ስለዚህ...» ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «ቤሞቴ?»

የስኒው አጠባ ቆመ። ውኃው ብቻ ይወርዳል።

«አይ» አልኩ። ተወልጄ እስከዚያ ቀን ድረስ ሦስት ጊዜ ተለምኜ አይ ብዬ አላውቅም።

ወይዘሮ ኮሪ እጃቸውን አደራርቀው መጡና ያንን ቆርቆሮ ከፍተው ዘረጉልኝ።

«ብስኩት?»

«ኧረ አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ።

ክዳኑን ሳይዘጉ በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ጠበቁኝ።