የኤልፍ ወገብ

መንፈስ የሆነ ነገር ሁሉ ይበላል፤ ግን አይወፍርም። ይህን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብ አላልኩትም ነበር። ዛር እንኳ «ገብስማ ዶሮ ካልታረደልኝ አልለቅም» እያለ ስንቱን ቤት አራቁቶ ሲያበቃ፣ ሆዱ ተዘርግቶ ቀበቶ ጠበበው ሲባል አልሰማንም። ጭራቅም እንደዚያው ነው፤ በተረቱ ሙሉ ሰው ሲበላ ይከርምና መጨረሻው ላይ ያው የተራበ ነው። አብርሃም ቤት የገቡት እንግዶችም ቢሆኑ ጥጃ ታርዶላቸው፣ ተነስተው መንገዳቸውን ቀጠሉ እንጂ «ከበደን፣ እስቲ ትንሽ ጋደም እንበል» አላሉም። ታዲያ የበሉት የት ይገባል? ጥያቄው የሊቃውንት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔ ሥራ የሚጀምረው የበሉት የት እንደገባ ከታወቀ በኋላ ነው።

ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለችው ጠባብ ሱቄ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ወገብ አሰፋለሁ። አስፉልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው አስፉልኝ አይልም። መጀመሪያ ስለ አየሩ ያወራል። ቀጥሎ ልብሱን የሸጠለትን ሱቅ ያማል። እኔም «እውነት ነው፣ የዘንድሮ ልብስ አይታመንም» እያልኩ ሜትሬን አወጣለሁ። ልብስ ሰፊ እንደ ንስሐ አባት ነው፤ የሰውን የሆድ ነገር በሆዱ ይይዛል።

ታዲያ በመጋቢት፣ በረዶው ገና ከመንገዱ ዳር ሳይነሳ፣ ብራያን የሚባል ደንበኛዬ ገባ። ኢስት ዮርክ የሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ከርሞ ስለነበር ወፈር ብሏል። ከፌስታል ውስጥ ደረቱ በገመድ የሚታሰር ረጅም አረንጓዴ ልብስ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ስለ አየሩ አንድም ቃል አልተናገረም። ያን ጊዜ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

ልብሱ የኤልፍ ነው። ኤልፍ ማለት፣ እኔ እንደተረዳሁት፣ በፈረንጅ ተረት ውስጥ ጫካ የሚኖር፣ ጆሮው የሾለ፣ ሸንቃጣ፣ ሺህ ዓመት ቢኖር የማያረጅ ፍጡር ነው። ብራያንና ስምንት ጓደኞቹ በወር አንድ ቅዳሜ የላስቲክ ጆሮ ሰክተው ኤልፍ ሆነው ይውላሉ። ለምን? አልጠየቅኩም። በዚህ አገር ሰው ቅዳሜውን በምን እንደሚያሳልፍ መጠየቅ ነውር ነው።

«ኤልፍ አይወፍርም አሉኝ» አለ ብራያን። «ድዋርፍ ሊያደርጉኝ ነው።»

ድዋርፍ ደግሞ ሌላው የተረት ወገን ነው፤ ከመሬት ሥር ማዕድን ይቆፍራል፣ ጢሙ እስከ ወገቡ ይወርዳል፣ ሆድ አይከለከልም። እኔማ ሹመት መስሎኝ እንኳን ደስ ያለህ ልል ነበር። ለካ ሽረት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በኤልፍነት ያገለገለ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ጆሮውን አስረክቦ መጥረቢያ ሊረከብ ነው። ሚስቱ ከተለየችው ወዲህ ኮል አድርጎ «እንዴት ዋልክ» የሚለው ከእነዚህ ስምንት ሰዎች በቀር ማንም የለም። ድዋርፎቹ ደግሞ የሚሰበሰቡት ሌላ ከተማ፣ ሚሲሳጋ ነው። አንድም የሚያውቀው ድዋርፍ የለውም።

ይህን ሁሉ ሲናገር ጋሽ ወርቅነህ ከማሞቂያው አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ሥራቸው ማስታረቅ የሆነ ሰው ናቸው። ከኤግሊንተን ዌስት እስከ ጄን ኤንድ ፊንች ተኳርፎ የከረመ ባልና ሚስት ካለ፣ እሳቸው ስላልሰሙ ብቻ ነው።

«ደምሴ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚተክዘው?» አሉኝ በአማርኛ።

«ከማኅበር ሊያስወጡት ነው፣ ጋሼ።»

«የጽዋ ነው?»

«ሆቢ ነው። ለደስታቸው የሚያደርጉት ነገር ነው።»

«ለደስታ ከሆነ ታዲያ ምን ያጣላቸዋል?» ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። «ንገረው፤ ሽማግሌ ሆነን እንሄዳለን።»

ነገርኩት። ብራያን ያልኩት በደንብ አልገባውም፤ ግን አመሰገነ። የቸገረው ሰው ያልገባውንም ያመሰግናል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኤልፎቹ የተከራዩት አንድ ምድር ቤት አዳራሽ ደረስን። ስምንቱ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ብራያን ልብስ ሰፊው መሆኔን ነግሯቸው፣ ጆሮዎቹን በፌስታል ይዞ ጥግ ቆሟል። መሪያቸው ሜሬዲት ትባላለች። በሥራ ቀን የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ትይዛለች፤ ቅዳሜ ንግሥት ናት። ወንበር አቀረበችልን። ጋሽ ወርቅነህ አልተቀመጡም። እኔም አልተቀመጥኩም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥማ! ኤልፎቹ ግራ ተጋቡ። አንዱ ወንበሩ ቆሽሾ መስሎት በካባው ጠረገልን። ሌላዋ ትራስ አመጣች። ጋሽ ወርቅነህ ንቅንቅ አላሉም።

እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው አይደለም፤ ግን «በሰው ቋንቋ አይሸመገልም» ብለው በአማርኛ ጀመሩ፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«ኤልፍ ይበላል?»

«ይበላል» አለች ሜሬዲት።

«ይጠጣል?»

«ወይን ብቻ።»

«ታዲያ የት ይገባል?»

ከክቡ መካከል አንዲት ቀጭን ድምፅ «ወደ ብርሃን ይለወጣል» አለች። ጋሽ ወርቅነህ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይኼን በትክክል ነው የተረጎምከው?» አሉኝ። በትክክል ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይኼኔ ኬቨን የሚባለው ተነሳ። ማራቶን የሚሮጥ፣ ከጎን ቢያዩት የማይታይ ሰው ነው። «ክርክር ምን ያደርጋል?» አለ። «ሁላችንም ካባችንን እናውልቅና ስፌታችን ይታይ። የተነካ ልብስ የለበሰ ሁሉ ድዋርፍ ይሁን። ደግሞም ልብስ ሰፊ ራሱ መጥቶልናል፤ እሱ ይመርምር!»

አሁን፣ አንባቢዎቼ፣ በሆዴ የያዝኩትን ልነግራችሁ ነው፤ ለሰው እንዳትናገሩ። ከመስከረም እስከ የካቲት፣ እዚያ ክብ ከተቀመጡት ስምንቱ ስድስቱ፣ አንዱ ካንዱ ተደብቆ ሱቄ መጥቷል። አንዱ ስለ አየሩ አውርቷል፣ አንዷ ልብስ ማጠቢያ ማሽኗን አምታለች። የንግሥቲቱን የቬልቬት ቀሚስ ከብብቱ ሥር በሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት የቀጠልኩላት እኔ ነኝ፤ ካባው ይሸፍነዋል። የአንዱን ጀርባ እስከ መቀመጫው ሰንጥቄ ላስቲክ አስገብቼበታለሁ። አዳራሹን ዞር ብዬ ሳይ የራሴ ስፌት ከየአቅጣጫው ያየኝ ነበር። ባለቤቶቹም እንደዚሁ። አሥራ ሁለት ዓይን አፌ ላይ ተተክሏል።

እውነቱን ብናገር ብራያን ይተርፋል፤ ግን የሚተርፍበት ማኅበር አይኖርም። ዝም ብል እሱ ይወጣል። እንደኔ ያለ ሱሪ አሳጣሪ እንዲህ ያለ ፍርድ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? እኔ እንጃ።

«መመርመር አያስፈልግም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ኤልፍ አይወፍርም። የሚጠብበው ጨርቁ ነው። የቶሮንቶ ውሃ ጨርቅ ያጠብባል።»

ሜሬዲት ለረጅም ጊዜ ያልተነፈሰችውን ትንፋሽ ለቀቀች። «ውሃው!» አለች። «ውሃው ነው!» አሉ አምስቱም ተቀባብለው። አንዱማ እሱም ሲጠረጥር እንደነበር ማለ።

«የእኔ ታዲያ ለምን አልጠበበም?» አለ ኬቨን።

«ያንተ ታጥቦ አያውቅማ» አልኩት፣ በድፍረት። አጠገቡ የተቀመጡት ሁለቱ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወዲያው በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፦ ኤልፍ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ጨርቁ ነው። ብራያን ጆሮዎቹን ከፌስታሉ አውጥቶ ሰካ። ሜሬዲት አቀፈችው። እኛም ተቀመጥን። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጋሽ ወርቅነህ፣ «ሽማግሌ ለዕርቅ ሲል ቢዋሽ እግዜር አይቀየምም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ውሸት ነው አይደል?» አሉኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ዐረፍኩ፣ እናንተም ዐረፋችሁ። ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ የሱቄ በር ተከፈተና ብራያን ገባ። እሱ መሆኑን ያወቅኩት በድምፁ ነው። ጉንጩ ገብቷል፣ አንገቱ ረዝሟል፤ ልብሱ ላዩ ላይ እንደ ድንኳን ተሰቅሏል። ለካ በዚያ በፍርሃቱ ሰሞን በየቀኑ በእግር መሄድ ጀምሮ ነበር፤ ከዕርቁም በኋላ ደስ ስላለው አላቆመም።

«ጥሩ ነዋ!» አልኩት፣ ሜትሬን እያነሳሁ። «አጠብብልሃለሁ።»

«ልብሱን ማን አየው?» አለ። «ሜሬዲት ትናንት ኮል አደረገችኝ። ‹ብራያን፣ ምን እያደረግክብን ነው?› አለችኝ። ሁሉም ተቆጥተዋል።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ውሃ ያጠብባል ብለናል፤ ጥሩ። ሰውን የሚያከሳ ውሃ ግን የለም። ይህ ሰው ከስቶ ከታየ ወፍሮ ነበር ማለት ነው፤ እሱ ወፍሮ ከነበረ ደግሞ ኤልፍ ይወፍራል ማለት ነው፤ ኤልፍ ከወፈረ የስድስቱም ካባ ሊወልቅ ነው። ሲወፍር አሳፈራቸው፤ ሲከሳ ከዳቸው። ቅዳሜ ሸንጎ ተጠርቷል።

ጋሽ ወርቅነህ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ደግሞ ምን ሆነ?»

«ከሳ፣ ጋሼ።»

ብራያንን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ወደ እኔ ዞሩ። «ወፍሮ ያስታረቅነውን ሰው» አሉ፣ «ከስቶ በምን አፋችን እናስታርቀው?»

እኔ እንጃ። ሊቃውንቱን ጠይቁ። እኔ ብራያንን ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኩትና ለራሴ የቋጠርኩትን ምሳ ከፈትኩለት። ቅዳሜ እስኪደርስ አራት ቀን አለ።

«ብላ» አልኩት።