ቅጽል ብቻ የሚያውቅ አስተርጓሚ

የሰውን ጠባይ ማወቅ የፈለገ ግሱን ትቶ ቅጽሉን ይስማ እላለሁ። «ሄደ፣ መጣ፣ በላ» የሚለውን ሁሉም ሰው እኩል ይለዋል። «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ እንደ ሆዱና እንደ ኪሱ ነው። መርካቶ ውስጥማ ቅጽል እንደ ባለቤቱ ይገለባበጣል። ስገዛው «የተጫጫረ» የነበረው የመኪና መስታወት፣ ስሸጠው «ትንሽ የሠራ» ይሆናል። መስታወቱ ያው መስታወት ነው፤ የተለወጠው እኔ የቆምኩበት ወገን ነው።

ሥራዬ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ነው። አብዛኛው ዕቃዬ ከጃፓን መኪና ላይ የወረደ ነው። ዕድሜ ልኬን የጃፓን ብረት ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ ከቋንቋቸው አንዲት ቃል አለማወቄ ከንክኖኝ አያውቅም፤ ፍሬን ሸራ አይናገርማ። ነገሩ የመጣው የእህቴ ልጅ ሰላም ለትምህርት ጃፓን ሄዳ፣ ከዲግሪዋ ጋር ታካሺ የሚባል እጮኛ ይዛ የተመለሰች ጊዜ ነው። ያ ሰሞን ነጋዴው ሁሉ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ግዛ እየተባለ በየአዳራሹ የሚሠለጥንበት ነበር። መሠልጠኔ ካልቀረ ብዬ ሰላምን ጃፓንኛ አስተምሪኝ አልኳት። የልጁ እናት ለሠርጉ ትመጣለች ተብሏል፤ እንደ ዲዳ ፊት ለፊት ተቀምጠን ልንተያይ ነው?

ሰላም ጥቂት አሰበችና «ጋሼ፣ ለግስ ጊዜ የለንም፤ ቅጽል ብቻ ይማሩ» አለችኝ። «ዕቃውን በጣት ያሳዩና ቅጽሉን ይበሉ። የቀረውን ጃፓኖቹ ራሳቸው ይሞሉታል።»

የሱቄ መደርደሪያ ሰሌዳ ሆነ። አታራሺ ማለት አዲስ ማለት ነው። አዲስ አይደለም ለማለት እንደኛ «አይደለም» የሚል ሌላ ቃል ከጎኑ አያቆሙም፤ የቃሉን ጭራ ቆርጠው ሌላ ጭራ ይቀጥሉለታል፤ አታራሺኩናይ። አዲስ ነበር ሲሉ ደግሞ አታራሺካታ። ይቺ የመጨረሻዋ ልቤን ነካችው። እኛ «ነበር» የሚባል ተሸካሚ ቀጥረን ያለፈውን ጊዜ እናሸክመዋለን፤ እነሱ ዘንድ ቅጽሉ ራሱ ያረጃል። እስቲ አስቡት፤ ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃ ሁሉ በአንድ ቃል አታራሺካታ ነው። ይህንኑ እውነት እኛ ለደንበኛ አምነን እስክንናገር ግማሽ ቀን ይፈጅብናል።

ሥርዓቱን ያዝኩ ስል ደግሞ አመፀኛ ይመጣል። ኪሬይ ማለት ቆንጆ ማለት ነው። መጨረሻው የሌሎቹን ይመስላልና እኔም ጭራውን ልቆርጥ ተነሣሁ። ሰላም አስቆመችኝ። «ይቺ አትቆረጥም ጋሼ፤ ይቺ እንደኛው ‹ነው› እና ‹ነበር› ትፈልጋለች» አለች። ቆንጆ ነገር በየአገሩ ለሕግ እንደማይገዛ ያኔ ገባኝ። ከሁሉ የባሰው ግን ጥሩ የሚለው ነው። ጥሩ ኢ ነው። ትናንት ጥሩ ከነበረ ግን ዮካታ ይሆናል። ኢ የት ገባች? ዮ ከየት መጣች? ሰላም «እሱን ዝም ብለው ይሸምድዱት» አለችኝ። ሸመደድኩት። የተሸመደደ ነገር ክፋቱ ሳይጠሩት መምጣቱ ነው።

የታካሺ እናት ወይዘሮ ኬይኮ መጡ፤ ቀጭን፣ ጸጉራቸውን ሽበት የወረሰው፣ በየደቂቃው ጎንበስ የሚሉ ሴት ናቸው። ምሳ የተጋበዙት አማኑኤል አካባቢ እህቴ ቤት ነው። እህቴ እትዬ አስካለ ባሏ ከሞተ በኋላ ሰላምን ብቻዋን ያሳደገች ናት። ስለ ጋብቻው እስከዚያ ቀን እምቢም እሺም አልወጣትም። ሴትዮዋን ሳላይ አልናገርም ብላ ቆየች። ምሳው እንደተነሣ ሙሽሮቹን ወደ ጓዳ አስገባቻቸው።

«ሙሽራ ለራሷ ጉዳይ አታስተረጉምም፤ ታዳላለች። አንተ ተምሬያለሁ ትል የለ? ተቀመጥ» አለችኝ።

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ቅጽል ብቻ ነው።»

«ቅጽል ደግሞ ምንድነው?»

«ጥሩ፣ መጥፎ፣ ሩቅ፣ ቅርብ የሚባለው ነው።»

«ታዲያ ሌላ ምን ቀረ?» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። እህቴ እጆቿን አጣምራ ጀመረች። «በላት፤ ያለችኝ አንድ ልጄ ናት። አገራችሁ ሩቅ ነው፤ ብርድ ነው ይላሉ። ብትታመም ማን ደጇን ይረግጣል? ለቅሶ ብትቀመጥ ማን ያጽናናታል? ተከፍታ ብትውል በምን ቋንቋ ታለቅሳለች?»

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ወደ ጃፓንኛ ስሻገር በእጄ የቀረው ጥቂት ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የሰላምን የምረቃ ፎቶ አሳየሁና «ቶኦይ። ሳሙይ። ሳቢሺ» አልኩ። ሩቅ። ብርዳም። ብቸኛ። ወዲያው አፈርኩ። ወይዘሮ ኬይኮ ግን ኩባያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ፎቶውን አዩ፣ እህቴን አዩ፤ ከዚያ እንዲገባኝ እያዘገሙ ብዙ ተናገሩ። እኔ የያዝኩት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያሏትን ሳቢሺካታ፣ ወደ ፎቶው እያመለከቱም ያሏትን ሳቢሺኩናይ ነው።

«ምን አለች?»

«እሷ ብቸኛ ነበረች። ልጅሽ ግን ብቸኛ አይደለችም ትላለች።»

«ነበረች ማለት መቼ? በሙሽርነቷ ነው? ባሏ ሲሞት ነው?»

«መቼ» የሚለው ቅጽል አይደለም። እህቴም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ሴትዮዋን ትክ ብላ ስታያቸው ቆየችና ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። «እንግዲያው ልጄ ጥሩ ልጅ ናት በላት» አለችኝ።

ማለት የነበረብኝ ኢ ነው። ነገር ግን ኢ የምትባል አንዲት ድምፅ፣ በር ሲከፈት የሚያሰማት ዓይነት፣ ሙሽራ ማወደሻ ሆና ልትታየኝ አልቻለችም። መርካቶ ያደገ ሰው ደግሞ ከቀላሉ ከባዱን ይመርጣል። ፎቶውን አሳየሁና ጮክ ብዬ «ዮካታ» አልኩ።

ወይዘሮ ኬይኮ ፊታቸው በራ። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ዮካታ፣ ዮካታ» እያሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እህቴ «ምን አለች?» አለችኝ። አስተርጓሚ ታማኝ መሆን አለበት።

«ጥሩ ነበረች፣ ጥሩ ነበረች ነው የምትለው።»

እህቴ ተነሣች። በኛ አገር ጥሩ ነበረች የሚባለው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። «ነበረች?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጄ ጓዳ በሕይወት ተቀምጣ? በቁሟ ለቀበረቻት ሴት ልጅ አልሰጥም። ሠርጉ ይቅር።» ጋባዧ ስትነሣ ተቀምጦ መቅረት ነውር ነውና ወይዘሮ ኬይኮም ተነሥተው ጎንበስ አሉ። «ይኸው፣ ማጥፋቷንም አመነች» አለች እህቴ።

የጓዳው በር የተከፈተው ያኔ ነው። ሰላም ጆሮዋን ለጥፋበት ኖሯል። «እማዬ፣ ቁጭ በይ» አለች። «ዮካታ ጥሩ ነበር ማለት ብቻ አይደለም። የጨነቀሽ ነገር አልፎልሽ እፎይ፣ ተመስገን ስትዪ የምትዪውም ነው። ጋሼ እኔን እያሳዩ ተመስገን አሏቸው፤ እሳቸውም ተመስገን እያሉ ነው። ከአገራቸው ከተነሡ ጀምሮ ሲፈሩሽ ነበር፤ ልጄን አይወዱልኝም ብለው።»

«እኔን?» አለች እህቴ።

«አንቺን።»

እህቴ ለካ የሚያስፈራ ነገር እንዳላት ሰምታ አታውቅም። ተቀመጠች፤ እንግዳዋንም በእጃቸው ስባ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላስተረጎመም፤ እኔም ቀስ ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

እዚያ ቆሜ አሰብኩ። ሰው እፎይ ሲል ስለምን በኃላፊ ጊዜ ይላል? እኛስ ዳንኩ፣ ተገላገልኩ አይደል የምንለው? ምናልባት ደግ ነገር ፊት ለፊታችን ቆሞ ሳለ አናምነውም፤ ዕቃ እንደሚገዛ ነጋዴ እንከኑን ስንፈልግ እንቆያለን። ጥሩ መሆኑን የምንፈርመው ካለፈ በኋላ ነው።

ሠርጉ ተደገሰ። ንግግር አድርግ ተባልኩ፤ እህቴ በአማርኛ ብቻ እንድናገር ቃል አስገባችኝ። ማይኩን ይዤ ቆምኩ። ሰላም በነጭ ቀሚሷ ከታካሺ ጎን ተቀምጣለች፤ የአውሮፕላን ትኬቷ ተቆርጧል። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝና «ሰላም ጥሩ ልጅ ነበረች» አልኩ፤ በገዛ አፍ መፍቻዬ። እህቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሣች። ማንም አላረመኝም። ያጨበጨቡልኝ ከንግግሩ አንድም ቃል ያልገባቸው ወይዘሮ ኬይኮ ብቻ ናቸው።