ሽብሽብ የሚሞላው መርፌና እትዬ አቻምየለሽ

በየሰፈሩ ዕድሜ አሳዶ ያልደረሰባት አንዲት ሴት አትጠፋም። የእኛዋ፣ የአቃቂዋ፣ ክብርት እትዬ አቻምየለሽ ነበረች። ዓመታቱ የምትሠራበትን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከነማሽኑ ከነሠራተኛው አስረጅተው፣ እሷ ዘንድ ሲደርሱ እጅ ነስተው ያልፉ ነበር።

ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም። እትዬ በሽብሽብ ላይ ጦርነት አውጃለች። ሌሊት በጀርባዋ ብቻ ትተኛለች። ፀሐይ ከወጣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ታወርዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቷን የእንቁላል ነጭ ትቀባና እስኪደርቅ ድረስ እንደ ሐውልት ትቀመጣለች። አንድ ግቢ ስለምንኖር እኔንም ምክሯን አልነፈገችኝም። ጥርሴ ብልጭ ካለ «በአፍህ ብቻ ሳቅ፤ በዓይንህ ከሳቅህ መስመር ያወጣል» ትለኛለች።

ለቀበሌ ምዝገባ የቀረበች ጊዜ ፀሐፊው ጓድ ያደታ ዕድሜዋን ጠይቆ፣ ደምሮ ቀንሶ፣ «እትዬ፣ እንደሚሉት ከሆነ እኮ የተወለዱት ካገቡ በኋላ ነው» አላት።

እሷ መች ደንግጣ። «ጓድ ያደታ፣ አብዮቱ ያረጀውን ሁሉ አስወግዷል ስትሉን አልነበር?»

ጓድ ያደታ ያለችውን ጻፈ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ድንገተኛ ስብሰባ ተጠራና እንቁላሉን ሳትታጠብ ሮጠች። መፈክር ሲባል አፏ አልከፈት ስላላት ግራ እጇን ብቻ አነሳች። ካድሬው ቆም ብሎ አያትና «እንደ ጓድ አቻምየለሽ ያለ ኮስታራ አብዮታዊ ፊት ነው የሚያስፈልገን» አለ። ሰፈሩ ሲስቅ ከረመ።

ቁም ነገሩ ግን ባሏ ነበር። አሻግሬ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። «ትቶት የሄደውን ፊት ነው የምጠብቅለት» ትል ነበር። «መጥቶ አቻምየለሽ የት አለች ብሎ እኔኑ ቢጠይቀኝ ምን እመልስለታለሁ?»

በዚህ መሃል ደርዊሽ ወሬ ይዞ መጣ። ደርዊሽ የወሎ ልጅ፣ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ ከጭነቱ ጋር ወሬም ጭኖ ይመለሳል። በውጭ አገር የፊት ሽብሽብ በመርፌ እንደሚሞላ ወደብ ላይ መርከበኞች ነግረውታል። «ልክ ጎማ እንደሚነፋ ነው፣ እትዬ» አላት። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት ነሳችው። በሚቀጥለው ጉዞው የባዕድ ጽሑፍ ያለበት ብልቃጥ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣላት።

ወዲያው የሰፈሩ መርፌ ወጊ፣ ጡረተኛው ድሬሰር ጋሽ በቀለ ተጠሩ። መርፌያቸውን ቀቀሉ፤ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አገላበጡት።

«ምን እንደሆነ አላወቅኩትም። የማላውቀውን ነገር ደግሞ ፊት ላይ አልወጋም።»

«ጋሽ በቀለ፣ ስንቱን መቀመጫ ምን እንደሆነ ሳይነግሩ ሲወጉ ኖረው፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ነው?»

«መቀመጫን ማን ያየዋል፣ ልጄ? ፊትሽ ቢያብጥ፣ ቢጣመም፣ አሻግሬ በምን ያውቅሻል?»

እትዬ አቻምየለሽ ብልቃጡን ከእጃቸው ተቀበለች። ከዚያ መልሳ በካልሲው ጠቀለለችውና ሄዳ ሽንት ቤት ከተተችው። ስትመለስ ወደ እኔ ዞር ብላ «እንቁላል አለህ?» አለችኝ።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ምርኮኞቹ ተለቀቁ። የግቢያችን በር ሲንኳኳ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ከሲታ ሽማግሌ ቆሟል፤ የኔ ቢጤ መስሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ልለው ስል እትዬ ከኋላዬ «አሻግሬ» ብላ ጠራችው። ፊቱ ታርሷል፤ የቀረለት ጥርስም ጥቂት ነው። ቆሞ አያት፣ አያት።

«አንቺስ ያው ነሽ» አላት። «እኔ ነኝ እንዳታውቂኝ መንገዱን ሙሉ ስፈራ የመጣሁት።»

ያን ቀን እትዬ አቻምየለሽ በአፏም በዓይኗም ሳቀች፤ አለቀሰችም። ስለ መስመር ያነሳ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ ባልና ሚስት ደጃፋቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሁለቱም ፊት በእንቁላል ነጭ ተለስኗል። «እንደምን አደራችሁ?» አልኳቸው። አፋቸው አልከፈት ቢላቸው ሁለቱም ግራ እጃቸውን አነሱልኝ።

እንዴት እንደምወዳቸው ያን ጠዋት ገባኝ፤ በዓይኔም ሳቅኩ። ዛሬ መርፌው ቦሌ ውስጥ በየክሊኒኩ አለ ይሉኛል። የዚያን ጠዋቷ መስመር ዓይኔ ጥግ ላይ አለች፤ እሷን ግን በምንም መርፌ አላስሞላትም።